በረዶና ፀሐይ በሲኤምሲ

በባሕር ማዶ የሚኖር ልጅ ወይም ወንድም ያለው ቤተ ሰብ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ለናፍቆት ማስታገሻ ከሚሆኑት ነገሮች አንዱ ፎቶግራፍ ነው። ዛሬ በስልክ መስታወት ላይ መልክን ከድምፅ ጋር ለማየት የተቻለ ቢሆንም፣ በእጅ ተይዞ የሚሳም፣ በግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ እንግዳ ሲመጣም የሚታይ ሥዕል ክብሩ አልቀነሰም። እኛም ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣነው በሰሜን አሜሪካ በሚኒያፖሊስ ከተማ ከሚኖረው ታናሽ ወንድማችን አንድ ፎቶግራፍ በደረሰን ጊዜ በቤታችን ውስጥ ከተነሣው ጥያቄ ምክንያት ነው።

ሥዕሉ ሲያዩት እጅግ ያማረ ነበር። ሜዳው በሙሉ በበረዶ ተሸፍኗል፤ ቅጠላቸውን ያራገፉ ዛፎች በመስመር ቆመዋል፤ ፀሐይም ከዛፎቹ በስተኋላ ዝቅ ብላ ስለ ታየች፣ የግንዶቹ ጥላ በነጩ ምድር ላይ ወደ ተመልካቹ ተዘርግቷል። በመካከሉ ወንድማችን የመጀመሪያ ልጁን ታቅፎ ቆሟል። ሕፃኑ ከተወለደ የመጀመሪያው ክረምቱ ነበር፤ እናታችንም የልጅ ልጇን ሥዕል በመስታወት አስገብታ በመኝታዋ ራስጌ ለመስቀል ቦታውን አስቀድማ አዘጋጅታ ነበር።

እናታችን መነጽሯን አድርጋ ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ ከተመለከተች በኋላ፣ «ሜዳውንስ አየሁት፤ የልጁ ፊት የታለ?» አለችን።

በእውነትም ፊት አልነበረም። አባትና ልጅ በብርሃኑ መካከል እንደ ከሰል የጠቆሩ ሁለት ጥላዎች ሆነው ነበር። እኛም ነገሩን ለማስረዳት፣ «እማዬ፣ ፀሐይዋ ከኋላቸው ስለ ሆነች ነው» ብንላት፣ «ፀሐይ ፊትን ልትገልጥ እንጂ ልትሸሽግ ወጣችን?» ስትል መለሰችልን። ወንድማችንም በስልክ በተነጋገርን ጊዜ ሌላ ቅሬታ ጨመረልን፤ ይኸውም በዐይኑ ያየው በረዶ የሚያንጸባርቅ ነጭ ሆኖ ሳለ፣ በሥዕሉ ላይ አመድ መስሎ መውጣቱ ነው። እነሆ፣ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ለመመለስ የፈለግነው ወደ ሩቅ አገር ሄደን ሳይሆን፣ በምንኖርበት በሲኤምሲ ሰፈር ነው።

ሲኤምሲ ከመገናኛ ተነሥቶ በጉርድ ሾላ በኩል ወደ አያት በሚወስደው ሰፊ ጎዳና ግራና ቀኝ የሚገኝ ሰፈር ነው። ስሙን ያገኘው በ1901 እ.ኤ.አ. በራቬና ከተማ ከተቋቋመው የጣሊያን የግንበኞችና የሲሚንቶ ሠራተኞች የኅብረት ሥራ ማኅበር መጠሪያ የመጀመሪያ ፊደላት ነው። ማኅበሩን የማያውቅ ትውልድ ቢነሣም ፊደላቱ የአገር ስም ሆነው ቀርተዋል። በሰሜን በኩል የየካ ተራራ ባሕር ዛፉን ተከናንቦ ይታያል፤ በደቡብ ሰሚት፣ በምሥራቅ አያት ያዋስኑታል። በጎዳናው አቅጣጫ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የሚዘልቀው የቀላል ባቡር ሐዲድ በ2008 ዓ.ም. ሥራውን ጀምሯል። በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ዙሪያም በየወሩ በ12ኛው ቀን ነጭ ነጠላ የለበሰው ምእመን መንገዱን ሲሞላው ማየት የሰፈሩ ልማድ ነው።

በዚህ ስፍራ በረዶ ይፈለጋል ቢባል የሚገረም አንባቢ አይጠፋም። ነገር ግን አዲስ አበባ ከፍተኛ አገር ናት። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ሲኤምሲ ወደ ተራራው ሥር ስለሚጠጋ ከዚያም ጥቂት ከፍ ይላል። በክረምት ከቀትር በኋላ የሞቀው አየር በኃይል ወደ ላይ ሲወጣ የውሃውን ጠብታ ይዞ ወደ ቀዝቃዛው የደመና ክፍል ያደርሰዋል። ጠብታው በረዶ ሆኖ በደመናው ውስጥ እየተንከባለለ፣ ሽፋን በሽፋን ላይ እየደረበ ይወፍራል፤ አየሩ ሊሸከመው በማይችልበትም ጊዜ ይወርዳል። እንዲህ ሆኖ የወረደው በረዶ አንዳንድ ቀን ጓሮውንና የመንገዱን ዳር ለአንድ ሰዓት ያህል ነጭ አድርጎት ይቈያል።

በአማርኛችን ሁሉንም «በረዶ» ብለን የመጥራት ልማድ አለን። አባቶች በግዕዝ ግን በጠጠር መልክ የሚወርደውን «በረድ»፣ እንደ ጥጥ ብናኝ እየተንሳፈፈ የሚወርደውን «ሐመዳ»፣ በንጋት በሣር ላይ የሚጋገረውን ውርጭ «አስሐትያ» እያሉ ለይተው ይጠሩታል። በሚኒያፖሊስ የሚወርደው ሐመዳው ነው፤ የሲኤምሲው በረዱ ነው። ሐመዳውም ቢሆን ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። 4,550 ሜትር ከፍታ ባለው በራስ ዳሽንና በሰሜን ተራሮች ላይ አልፎ አልፎ ይወርዳል። በ6ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ካሌብ ዘመነ መንግሥት፣ ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በአዱሊስ ወደብ ከነበረ የድንጋይ ዙፋን ላይ ቀድቶ ባቈየልን የግሪክ ጽሑፍ ውስጥ፣ አንድ የአክሱም ንጉሥ ስለ ሰሜን ተራሮች ዘመቻው ሲናገር፣ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ በዚያ እንደ ነበረ ገልጿል። ስለዚህ የበረዶ ወሬ በኢትዮጵያ መጻፍ የጀመረው ፎቶግራፍ ከመፈጠሩ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው።

አሁን ወደ ነገራችን እንመለስ። በፍልሰታ ሰሞን አንድ ቀን፣ ቅዳሴ ወጥቶ ምእመናን ወደየቤታቸው ሲመለሱ፣ ሰማዩ ከየካ በኩል ጠቆረ። ወደ 10 ሰዓት ገደማም በረዶው በቆርቆሮ ጣራዎች ላይ እንደ ከበሮ መደብደብ ጀመረ። ሕፃናት በመስኮት ሆነው ሲጮኹ፣ በመንገድ የነበሩት ደግሞ ነጠላቸውን በራሳቸው ላይ አጥፈው በየበረንዳው ተጠለሉ። ዝናቡ ካባራ በኋላ ግን፣ 11 ሰዓት ሲሆን፣ ደመናው በምዕራብ በኩል እንደ መጋረጃ ከግርጌው ተገለጠና ፀሐይ ብቅ አለች። የመንገዱ ዳር፣ የአጥሩ ሥር፣ የጓሮው መደብ ሁሉ ነጭ ሆኖ ነበር፤ ከነጩም ላይ ቀጭን እንፋሎት ይነሣ ጀመር። የፎቶግራፍ መሣሪያችንን ይዘን ወጣን።

በነሐሴ ወር ፀሐይ ስትጠልቅ ከቀጥተኛው ምዕራብ ጥቂት ወደ ሰሜን ዘንበል ስለምትል፣ ከእኛ ሰፈር ሆኖ ለሚያያት ወደ እንጦጦ አቅጣጫ ትወርዳለች። በመጀመሪያ ፀሐይዋን ከኋላችን አድርገን አነሣን። በረዶው ልክ እንደ ተደፋ ጨው፣ ጠፍጣፋና ሕይወት የሌለው ሆኖ ወጣ። ቀጥሎ ዞረን ከፀሐይዋ ፊት ለፊት ቆምን። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ጠጠር ብርሃኑን በውስጡ አሳልፎ እንደ ብርሌ በራ፤ ከየጠጠሩም ሥር ትንሽ ሰማያዊ ጥላ ወደ እኛ ወጣ። ከቤተ ክርስቲያን ዘግይተው ይመለሱ የነበሩ ሴቶች በአጠገባችን ሲያልፉ የነጠላቸው ጠርዝ ሁሉ በብርሃን ክር የተሰፋ መሰለ። ወንድማችን ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙሮ ያነሣበትን ምክንያት ያን ጊዜ ተረዳንለት። በረዶ ውበቱን የሚያሳየው ብርሃን ከኋላው ሲመጣ ነውና። አሜሪካዊው ዊልሰን ቤንትሌይም በጥር ወር 1885 እ.ኤ.አ. የበረዶን ብናኝ በማጉያ መነጽር አስፍቶ ለመጀመሪያ ጊዜ በፎቶግራፍ ሲያነሣ፣ ስድስት ማዕዘን ያለውን ቅርጹን ሊያሳየን የቻለው ብርሃኑ ከኋላ በኩል በብናኙ ውስጥ እንዲያልፍ በማድረግ ነበር።

ነገር ግን ያነሣናቸውን ሥዕሎች ስንመለከት የወንድማችን ስሕተት በእኛም ላይ ደረሰ፤ በረዶው አመድ፣ ሰዎቹም ጥላ ሆነው ወጡ። ምክንያቱ እንዲህ ነው። የፎቶግራፍ መሣሪያ የሚያየውን ነገር ምንነት አያውቅም። በውስጡ ያለው የብርሃን መለኪያ የተሠራው ነጭም ጥቁርም ያልሆነውን፣ መካከለኛውን ግራጫ ቀለም መሠረት አድርጎ ነው። አዲስ የወረደ ሐመዳ ግን ከወደቀበት ብርሃን ከመቶ 80 እስከ 90 የሚሆነውን መልሶ ይልካል። ይህን የሚያህል ብርሃን ሲገጥመው መሣሪያው «በዝቷል» ብሎ ይቀንሰዋል፤ ነጩም ወደ ግራጫነት ይወርዳል። ፀሐይዋ ራሷ በሥዕሉ ውስጥ ስትገባ ደግሞ መቀነሱ እጅግ ይበረታል፤ ጀርባውን ለፀሐይ የሰጠው ሰው ፊትም ጨርሶ ይጨልማል።

የዚህም መድኃኒቱ መሣሪያውን ማዘዝ ነው። በረዶው ሥዕሉን በሞላው ጊዜ ብርሃኑን ከመለኪያው በላይ በአንድ ወይም በሁለት ደረጃ ከፍ ማድረግ ይገባል፤ በመሣሪያዎቹ ላይ ይህ +1 ወይም +2 ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። በስልክ የሚያነሣም የሰውየውን ፊት በመስታወቱ ላይ በጣቱ ቢነካ፣ ስልኩ ልኩን ከፊቱ ይወስዳል። ያን ጊዜ ፊቱ ይገለጣል፤ ሰማዩ ግን ነጭ ሆኖ ዝርዝሩን ያጣል። ሁለቱንም በሙሉ ለመያዝ ስለሚያስቸግር፣ አንሺው አስቀድሞ «ከዚህ ሥዕል ውስጥ እንዲጠፋብኝ የማልፈልገው የቱን ነው?» ብሎ ራሱን ሊጠይቅ ያስፈልገዋል።

እኛ ይህን ስንነጋገር እናታችን ከጓሮው ቆማ ነበር። በግንቦት ዘርታ፣ በየማለዳው እየኰተኰተች ያሳደገችው ጎመን በበረዶው ተበሳስቶ፣ ቅጠሉ በጭቃና በነጭ ጠጠር መካከል ተኝቷል። እኛ መሣሪያችንን አንሥተን ስንቀርብ ቀና ብላ፣ «ጎመኔን የፈጀውን ነው እንዴ እንዲህ የምታሳምሩት?» አለችን። እውነቷን ስለ ሆነ የምንመልሰው አጣን። ለእኛ ያ ነጭ ምድር መልካም ትርኢት ነበር፤ ለእርሷ የሦስት ወር ድካም ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ለሚያርሰው ገበሬ ደግሞ የዓመት እህሉ ሊሆን ይችላል። አፍረንም መሣሪያውን አስቀመጥንና ቅጠሉን አብረናት መልቀም ጀመርን። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ራሷ፣ «ለልጄ እንዲህ ሆኖ መዋሉን ላኩለት፤ በረዶ እርሱ ዘንድ ብቻ እንዳይመስለው። ፊቴን ግን እንዳታጠቁሩት» አለችን።

ሥራችን ምን መሆን እንዳለበት የለየልን በዚያን ጊዜ ነው። እናታችንን ፀሐይዋ ከኋላዋ እንድትሆን አቆምናት፤ ፀሐይዋም በቀጥታ በሌንሱ ውስጥ እንዳትገባ በግቢው ካለው የጽድ ግንድ ኋላ ሸሸግናት። እንዲህ ባይደረግ ብርሃኑ በሌንሱ ውስጥ እየተመላለሰ ሥዕሉን በጭጋግ ይሸፍነዋል፤ ዛፍ በሌለበት ስፍራም ባርኔጣን ወይም ጃንጥላን ከሌንሱ በላይ አጋርዶ መያዝ ይጠቅማል። ቀጥሎ እኅታችን አዲስ ነጠላ አምጥታ ከመሣሪያው ጐን ዘርግታ ያዘችው። ከፀሐይዋ የመጣው ብርሃን በነጠላው ላይ አርፎ ወደ እናታችን ፊት ተመለሰ። በጥላ ውስጥ የነበረው ፊቷ ቀስ ብሎ ሲገለጥ በዐይናችን አየነው፤ የግንባሯ መስመር፣ በእጇ የያዘችው የተቀደደ ጎመን፣ በስተኋላዋም የሚያበራው በረዶ ሁሉ በአንድ ሥዕል ተያዘ። ሰማዩን ሳናጠፋ ፊቷን ለማትረፍ የረዳን ያ ነጠላ ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ሳንናገር አናልፍም። ፀሐይን በባዶ ዐይን፣ ይልቁንም በመሣሪያው የመስታወት መመልከቻ በኩል አተኩሮ ማየት ለዐይን ብርሃን አደገኛ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላና በአካባቢዋ ፀሐይ የቀለበት ቅርጽ ይዛ በተጋረደች ጊዜ፣ ያለ ልዩ መነጽር እንዳትታይ ሕዝቡ የተመከረው በዚሁ ምክንያት ነበር። መሣሪያው ብርሃኑን ስለሚሰበስበው ጉዳቱ የባሰ ይሆናል። ስለዚህ ወላጆች ልጆቻቸውን ሲያስተምሩ፣ ፀሐይዋ ወደ መጥለቂያዋ እስክትቀርብ መጠበቅን፣ ከግንድ ወይም ከደመና ኋላ ማድረግን፣ በመስታወት መመልከቻው ፈንታም በመሣሪያው ጀርባ ባለው ሰሌዳ መመልከትን ያስለምዷቸው።

ይህን ሁሉ ለወንድማችን በደብዳቤ ጻፍንለት። እርሱ ባለበት አገር ግን ከእኛ የሚለይ አንድ ነገር እንዳለ መልሶ አስረዳን። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆነች፣ የቀትር ፀሐይ በዓመቱ ውስጥ ከ57 ዲግሪ ዝቅ አትልም። በሚኒያፖሊስ ግን በታኅሣሥ ወር የቀትር ፀሐይ ከአድማሱ በላይ ያላት ከፍታ 22 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። እኛ እንዲህ ያለውን ዝቅ ያለ ብርሃን የምናገኘው በንጋትና በምሽት፣ በእያንዳንዱም ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ እርሱ ቀኑን ሙሉ ያገኘዋል። በዚያ ላይ ምድሩ በሙሉ ነጭ ነው። «እናንተ አንድ ነጠላ ዘረጋችሁ፤ በእኔ ፊት የተዘረጋውን እስከ አሁን አላስተዋልኩትም ነበር» ሲል ጻፈልን። በጥላ ስፍራ ቆሞ ከማንሣት ይልቅ ፀሐይ ያረፈበት በረዶ በልጁ ፊት ለፊት እንዲሆን አድርጎ ቢያቆመው፣ ከበረዶው የሚመለሰው ብርሃን ፊቱን እንደሚያበራለት ተረድቶት ነበር። ብርዱ የመሣሪያውን ባትሪ ቶሎ ስለሚያደክመው ትርፉን ባትሪ በደረት ኪሱ እንደሚይዝ፣ ወደ ሞቀው ቤት ሲገባም ሌንሱን ጤዛ እንዳይሸፍነው መሣሪያውን በተዘጋ ከረጢት ውስጥ እንደሚያቆየው ጨምሮ ገለጸልን።

ክረምቱ አልፎ ኅዳርና ታኅሣሥ ሲመጣ፣ በሲኤምሲ ሌላ ነጭ ነገር ይታያል። ሌሊቱ ጥርት ብሎ በሚያድርበት ጊዜ ከጎዳናው ራቅ ባለው ሜዳ ላይ ውርጭ በሣሩ ጫፍ ይጋገራል፤ ፀሐይም በአያት በኩል ስትወጣ፣ ሜዳው ለጥቂት ደቂቃ ብር የተነሰነሰበት ይመስላል። ይህን ለማየት የሚሻ ሰው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል በፊት ተነሥቶ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ መቆም ይኖርበታል። እኛም በአንድ እንዲህ ባለ ማለዳ ከሜዳው ስንመለስ፣ ከወንድማችን የተላከው ሁለተኛው ሥዕል ደርሶ ቈየን።

እናታችን እንደ ልማዷ መነጽሯን አደረገች። በሥዕሉ ላይ ፀሐይዋ አሁንም ከኋላ ናት፤ በረዶውም ነጭ ነው። ሰማዩ ጥቂት ደብዝዟል። ሕፃኑ ግን ጉንጩ ከብርዱ የተነሣ ቀልቶ፣ ከኮፍያው ሥር ያመለጠችው የፀጉሩ ጫፍ በብርሃን ተከብባ፣ ወደ እኛ ይመለከታል። እናታችን ምንም ሳትናገር ቈይታ፣ «አፍንጫው የአባቱ ነው፤ ዐይኑ ግን የአያቱ፣ የነፍስ ኄሩ ባለቤቴ ነው» አለች። ይህን ሐሳብ በስልክ መስታወት ስታየው በነበረበት ጊዜ ሁሉ አልተናገረችውም ነበር። ሥዕሉም ባዘጋጀችለት ቦታ ተሰቀለ፤ የእርሷም ሥዕል፣ ጎመኗን እንደ ያዘች፣ በሚኒያፖሊስ በወንድማችን ቤት እንደ ተሰቀለ ሰማን።

ውድ አንባቢያን ሆይ፣ በቤታችሁ የፎቶግራፍ መሣሪያ ወይም ስልክ የያዘ ወጣት ቢኖር፣ ከፀሐይ ፊት ለፊት መቆምን አትከልክሉት። በውስጡ ብዙ ውበት አለና። ነገር ግን ከመሣሪያው ፊት የቆመችው እናቱ ወይም ሕፃን ልጁ ስትሆን፣ ልኩን ከሰማዩ ሳይሆን ከፊታቸው እንዲወስድ፣ ነጠላም በአጠገቡ ካለ እንዲዘረጋላቸው ምከሩት። የእናታችን ጎመን ከሥሩ አቈጥቍጦ በመስከረም እንደ ገና ለወጥ ደርሷል፤ በረዶውም በዚያው ምሽት ቀልጦ ጠፍቷል። ከዚያ ቀን የቀረልን ፊቷ ያለበት ሥዕል ነው።